ከላይ የሚያየንን ማን ይየው?

ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እሑድ ነበር። በምዕራብ ጎጃም ዞን ርእሰ ከተማ በፍኖተ ሰላም፣ ነዋሪዎች የድሮን ጥቃት ነው ያሉት ፍንዳታ ደረሰ፤ ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ለውጭ ዜና ወኪሎች ተናገሩ። በማግስቱ ሰኞ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን በተፈጸሙ ጥቃቶችና የከባድ መሣሪያ ድብደባዎች ብዙ ሲቪሎች መጎዳታቸውን የሚያመለክቱ ተአማኒ መረጃዎች እንደደረሱት አስታወቀ። በዚያው ሰኞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዲስ አበባ ተሰብስቦ፣ ሐምሌ 28 ለአማራ ክልል የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጸደቀ። ይህን ሁሉ ዋሽንግተንና ለንደን ያለ ዘመድ በስልኩ ሲያነብ፣ የሟቾቹ ጎረቤቶች ማንበብ አልቻሉም። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር።

ስለ መንግሥት ክትትልና ስለ ዜጎች ነፃነት በሌላው ዓለም የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ምን ያህል ይስማ፣ ምን ያህል ይይ የሚል ነው። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከቋሪት እስከ ደጋ ዳሞት ያለው ሰው የገጠመው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሰማዩ ላይ ያለው ዓይን ሳይጨፈን፣ መሬት ላይ ያለው ሰው አፍም ጆሮም ተዘጋ። መንግሥት ያያል፤ ያየውን በምን እንዳረጋገጠ፣ አይቶም ምን እንዳደረገ የሚጠይቀው የለም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፦ አደጋው ያለው በማየቱ መጠን ላይ ሳይሆን፣ የሚያየው አካል ራሱ የማይታይ በመሆኑ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ክትትል ነፃነትን ይነጥቃል፤ ጸጥታንም አያመጣም።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሕግ

ሕጋችን በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው የግል ሕይወት ያስከብራል። የጽሑፍና የፖስታ ግንኙነትን ብቻ ጠቅሶ አላለፈም፤ በቴሌፎን፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነትም አይደፈርም ይላል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ ያውም ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን ለመከላከልና ለመሳሰሉት ዓላማዎች በዝርዝር ሕግ ሲደነገግ ነው። የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 እንኳ፣ ስንት ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ያሳሰረው ያ አዋጅ፣ ስልክ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያሻል ይል ነበር። በዚያው እጁ ግን የመረጃ ምንጩ ማን እንደሆነ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርት በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀደ። የ2008ቱ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ አንድ ቀዳዳ ተወ፦ ቁልፍ መሠረተ ልማትን የሚጎዳ አስቸኳይ አደጋ አለ ከተባለ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ክትትል መፍቀድ ይችላል፤ ምክንያቱን ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው በ48 ሰዓት ውስጥ ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ ሲመጣ ይህ ሁሉ አጥር ይላላል። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ጭምር የማይነኩ ብሎ የዘረዘራቸው ድንጋጌዎች ጥቂት ናቸው፦ የአገሪቱ ስያሜ፣ ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ መጠበቅ፣ እኩልነት፣ የብሔሮች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት። የግል ሕይወት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ አንቀጽ 15፣ የሕይወት መብት፣ አለመኖሩ ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን የሕይወት መብት በምንም ዓይነት ድንገተኛ ሁኔታ አይታገድም ይላል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 እንዲህ ያሉ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ብሏል። ስለዚህ የፍኖተ ሰላሙን እሑድ «አዋጅ ነበረ» ብሎ መዝጋት አይቻልም። አዋጅ ስልክን ሊያስጠልፍ ይችል ይሆናል፤ ሰላማዊ ሰው ለምን ሞተ የሚለውን ጥያቄ ግን አያስቀርም።

ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ጊዜ ያዘጋጀው ተቆጣጣሪ ሰባት አባላት ያሉት የመርማሪ ቦርድ ነው። የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ መግለጽ፣ የሚወሰዱት እርምጃዎች ኢሰብአዊ እንዳይሆኑ መከታተል የእሱ ድርሻ ነው። የቦርዱ አባላት የሚሰየሙት አዋጁን በሚያጸድቀው ምክር ቤት ነው። አዋጁን የሚያስፈጽመውን ዕዝ ይመሩ የነበሩት ደግሞ በወቅቱ የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ ተመስገን ጥሩነህ ናቸው። መረጃ የሚሰበስበውና በመረጃው ላይ ተመሥርቶ እርምጃ የሚያዘው አንድ ሰው ሲሆን፣ መረጃውን «እስቲ እንየው» የሚል ሦስተኛ ወገን ከየት ይመጣል? አዋጁ በጥር 2016 ለአራት ወር ተራዝሞ በግንቦት መጨረሻ ጊዜው አበቃ። ጥያቄው ግን ከአዋጁ ጋር አላበቃም።

ከጆሮ ጠቢ እስከ ሶፍትዌር

ይህ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን ጠጅ ቤት ገብቶ ወሬ የሚለቅመውን ጆሮ ጠቢ ሁሉ ያውቀው ነበር። ደርግ ሥራውን ወደ ቀበሌ አወረደው፤ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ለመሄድ የይለፍ ወረቀት የሚያስፈልግበት ዘመን መጣ። ኢሕአዴግ በተራው አንድ ለአምስት የሚባለውን አደረጃጀት ዘረጋ። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ የጤና ትምህርትና የፓርቲ ስብሰባ በአንድ መስመር ሲወርዱ፣ በዚያው መስመር እገሌ ምን አለ፣ እገሌ ለምን ቀረ የሚለው ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ገበሬው ልማትና ክትትል በአንድ በር እንደሚገቡ የተማረው ያኔ ነው።

ከተሜውና ስደተኛው ላይ ደግሞ ቴክኖሎጂው መጣ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ሪፖርት፣ ዜድቲኢ የተባለው የቻይና ኩባንያ ለኢትዮጵያ የሸጠው ሥርዓት የጥሪ መዝገቦችን ለደኅንነት ሰዎች በቀላሉ እንደሚያቀርብ፣ የታሰሩ ሰዎችም በምርመራ ጊዜ የራሳቸው የስልክ ንግግር ቅጂ እንደተከፈተባቸው ጽፏል። የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በዚያው ዓመት የጣሊያኑ ሀኪንግ ቲም ሶፍትዌር በአሜሪካና በቤልጂየም የሚገኙ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞችን ኮምፒዩተር ለመውረር መሞከሩን አጋለጠ። በ2007 ክረምት የሀኪንግ ቲም የራሱ ሰነዶች ተሰርቀው ሲወጡ ከደንበኞቹ አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗ በግልጽ ታየ። በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም ኮምፒዩተሬን ሰልሎብኛል ብሎ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ ቢመሠርትም፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2009 የውጭ መንግሥትን በዚህ መክሰስ አይቻልም ብሎ ዘጋው። እዚህ አገር ቤት ደግሞ በሚያዝያ 2006 በታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ላይ ከቀረቡት ውንጀላዎች አንዱ መልእክትን በምስጢር ስለ መጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ራስን ከጠላፊ መከላከል ራሱ ወንጀል ሆነ።

ሰማይና ኬላ

በ2010 የመጣው ለውጥ የታገዱ ድረ ገጾችን ከፈተ፤ እስረኞችን ፈታ። ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ አዲስ ልማድ ሥር ሰደደ፦ ነገር ሲከር ኢንተርኔትን መዝጋት። ከሰኔ 15 ቀን 2011 የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ግድያዎች በኋላ፣ ከሰኔ 2012 የሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ በትግራይ ጦርነት ሁለት ዓመት ገደማ፣ ከዚያም በአማራ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2011 ክረምት ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም በማለት የሰው ሕይወት ለማዳን ሲባል እንደሚዘጋ ተናግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ በማን ፊርማ፣ ለስንት ቀን፣ በየትኛው አንቀጽ እንደሚዘጋ የሚናገር ደብዳቤ ለሕዝብ ቀርቦ አያውቅም። የቶጎ መንግሥት በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያደረገውን ተመሳሳይ መዝጋት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) ፍርድ ቤት ከሦስት ዓመት በኋላ ሕገ ወጥ ብሎታል፤ ዋናው ምክንያቱም ድርጊቱ የተደገፈበት ሕግ አለመኖሩ ነው።

መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ወጣት ከመሳፈሩ በፊት የሚሠራውን ልብ በሉ። ፌስቡኩን ያጠፋል፤ ከቴሌግራም ቡድኖች ይወጣል፤ የሠርግ ፎቶ እንኳ ቢሆን ጠመንጃ ያዘለ ሰው ያለበትን ሥዕል አንድ በአንድ ይሰርዛል። ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ የሌለበት የሠርግ ፎቶ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። የባሰበት ዘመናዊ ስልኩን እቤት ትቶ ተራ ሞባይል ይዞ ይሄዳል። ኬላ ላይ «ክፈተው» ሲባል የፍርድ ቤት ማዘዣ ማንም አያነሣም። የሚያሳዝነው ቀጣዩ ኬላ የሌላው ወገን፣ መንግሥትን የሚወጉት የፋኖ ታጣቂዎች፣ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ደግሞ አደጋ የሚያመጣው የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ወይም ከባለሥልጣን ጋር የተነሡት ፎቶ ነው። አንዱ ጋ «የፋኖ ደጋፊ»፣ ሌላው ጋ «ባንዳ»። በዚህ መሐል የገበሬው፣ የመምህሩና የነጋዴው ስልክ ባዶውን ይቀራል፤ አፉም እንደዚያው።

ይህ የፍርሃት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥር 20 ቀን 2016 በመርዓዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች «ፋኖን ትደግፋላችሁ» በሚል በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ከሕግ ውጭ መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማንነታቸውን አጣርቶ ገልጿል። የታጠቁ ቡድኖችም የመንግሥት ደጋፊ ያሏቸውን ሲቪሎች እንደሚገድሉና እንደሚያግቱ ያው ኮሚሽን በተለያዩ ሪፖርቶቹ መዝግቧል። በሁለቱም በኩል ጥርጣሬ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ፤ ቅጣቱም ከምርመራው ቀደመ።

የጸጥታ ወገን ክርክር

ከመንግሥት ወገን ያለው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሚያዝያ 19 ቀን 2015 የአማራ ክልል ብልጽግና ፓርቲ ኃላፊ አቶ ግርማ የሺጥላ በሰሜን ሸዋ በጥይት ተገድለዋል። ከዚያም በኋላ ብዙ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ሕይወታቸውን አጥተዋል። ጥሪ በማኅበራዊ ሚዲያ እንደሚተላለፍ፣ የሠራዊት እንቅስቃሴ በስልክ እንደሚነገር የታወቀ ነው። የትኛውም መንግሥት ጦር የሚያነሣበትን አካል «የግል ሕይወትህ ይከበር» ብሎ ዝም ሊለው አይችልም። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ የሚጀምረው ሰው እየታገተ ባለበት መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው አስፋልት ለተጓዥ ምን እንደሆነ ሾፌሮችን መጠየቅ ይበቃል። በሰኔ 2016 መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ በዚሁ መንገድ ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታገቱ። ቤተሰቦቻቸው የማስለቀቂያ ገንዘብ በስልክ ተጠየቁ። በስልክ! በስም የተመዘገበ ሲም ካርድ ባለበት፣ የጥሪ መዝገብ በሚያዝበት አገር። ሕዝቡ ይህን አይቶ የሚጠይቀው ቀላል ጥያቄ ነው፦ አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ የጻፈውን በማግስቱ የሚያውቅ መንግሥት፣ ሚሊዮን ብር አምጡ ብሎ የደወለውን እንዴት ያጣዋል? የአቅም ማነስ ነው እንዳይባል መሣሪያው ምን መሥራት እንደሚችል አይተነዋል። የቀረው መልስ ትኩረት ነው። ማንን ልከታተል የሚለውን የሚመርጠው አካል ለማንም መልስ ካልሰጠ፣ የሚያሳስበው የሥልጣኑ ጉዳይ ይቀድምና የመንገደኛው ጉዳይ ኋላ ይቀራል።

የሚያይ እንጂ የማይሰማ መንግሥት ምን እንደሚያመጣ ጎጃም አንድ ጊዜ በውድ ዋጋ ተምሯል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ዳሞት፣ ሞጣና ብቸና አመፁ። ታሪክ ጸሐፊው ገብሩ ታረቀ በዝርዝር እንዳጠናው፣ ገበሬውን ያስፈራው ከግብሩ መጠን ይልቅ የገማቹ መምጣት ነበር፤ ዛሬ አዝመራዬን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን ይወስዳል ብሎ ጠረጠረ። ሽማግሌ ልኮ አቤት አለ። የተሰጠው መልስ ጦር፣ ቀጥሎም መንደሮችን የደበደበ አውሮፕላን ነበር። በመጨረሻ የሆነው ምንድን ነው? ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ገበሬው መጀመሪያ ላይ የጠየቀው ከሞላ ጎደል ይኸው ነበር። መንግሥት የገበሬውን ማሳ ሲገምት፣ ገበሬው የሚለውን ግን ሳይሰማ ቀርቶ በአንድ ወንበር ጉባኤ ሊያልቅ የሚችለውን በደም ጨረሰው።

አውጫጭኝ ወይስ ሌባ ሻይ?

አገራችን የመረጃ ማሰባሰቢያ ወግ ያጣች አይደለችም። ዱሮ ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ አውጫጭኝ ይጠራል። ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ያየም የሰማም እስኪናገር ጉባኤው አይበተንም። ወንጀለኛው ካልተገኘ ያገሩ ሰው ካሣውን ያዋጣል። ከባድ ነበር፤ ገበሬውን ከእርሻው ያስቀራል፤ ንጹሑን ከጥፋተኛው ጋር ያጉላላል። ቢሆንም በአደባባይ ነው። የተጠረጠረው እዚያው ቆሞ ይሰማል፤ «እኔ በዚያን ቀን እገሌ ቤት ነበርሁ» ብሎ ምስክር ይቆጥራል።

ሌላው ሌባ ሻይ ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያዞር መድኃኒት ይሰጡታል። ልጁ እየተንገዳገደ በመንደሩ ውስጥ ይሄዳል፤ ወድቆ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ልጁን ምን አየህ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ባለቤቱም ይግባኝ የለውም። ዘመናዊ ሕግ ሲመጣ እንዲህ ያለው አሠራር ቀረ፤ የቀረውም ስለሚያስቅ ሳይሆን ንጹሕን ከጥፋተኛ መለየት ስለማይችል ነው።

ምንጩ ያልታወቀ ጥቆማ፣ ከሰማይ የተነሣ ምስል፣ ኬላ ላይ የተገኘ ፎቶ ተሰባስበው አንድ ሰው ላይ ሲያርፉ፣ ሰውየው መልስ የሚሰጥበት ጊዜና ቦታ ከሌለ፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል አንባቢ ይፍረድ። ቴክኖሎጂው መርቀቁ ፍርዱን አያረቀውም። ድሮን ከብዙ ሺህ ጫማ ከፍታ ሆኖ ሰዎች መሰብሰባቸውን ሊያሳይ ይችላል፤ ለለቅሶ ይሁን ለገበያ፣ ለማኅበር ይሁን ለጦርነት መሰብሰባቸውን የሚያውቀው ግን ጎረቤታቸው ነው። ጎረቤት ደግሞ የሚናገረው የሚያምነው መንግሥት ሲያገኝ ብቻ ነው። ስልኩን ባዶ አድርጎ፣ አፉን ዘግቶ የሚጓዝ ሕዝብ ለማንም መረጃ አይሰጥም፤ ሽፍታውንም አያሳይም። መንግሥት እጅግ ብዙ እያየ እጅግ ጥቂት የሚያውቀው በዚህ የተነሣ ነው።

ምን ይደረግ?

ከአህጉራችን የምንማረው አለ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በየካቲት 2021 አማቡንጋኔ በተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ማዕከል ክስ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ የአገሪቱ የስልክ ጠለፋ ሕግ ጉድለት አለበት ብሏል። ከሰጣቸው ትእዛዞች አንዱ ለእኛም የሚሆን ነው፦ ክትትሉ ካበቃ በኋላ ስልኩ ተጠልፎ የነበረው ሰው በ90 ቀን ውስጥ ይነገረው። ምርመራን የሚያበላሽ ከሆነ ዳኛ ጊዜውን ያራዝመዋል። እንዲህ ያለ ሕግ ደኅንነቱን ከሥራ አያስቀረውም፤ ነገ እንደሚጠየቅ እያወቀ እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል።

ለእኛ ሦስት ነገሮች ይቀድማሉ። አንደኛ፣ ኢንተርኔት የሚዘጋ ከሆነ ማን እንዳዘዘ፣ የት፣ ለስንት ጊዜና በምን ምክንያት እንደሆነ የሚገልጽ፣ ፍርድ ቤት ሊሽረው የሚችል ጽሑፍ ይኑር። ሁለተኛ፣ እንደ ፍኖተ ሰላሙ ያለ ሲቪሎች የሞቱበት ጥቃት ሁሉ ከዕዙ ውጭ ባለ አካል ይመርመር፤ ውጤቱም ለሟች ቤተሰብ በስም ይነገር። ሦስተኛ፣ የአስቸኳይ ጊዜ መርማሪ ቦርድ አዋጁን ካጸደቀው ምክር ቤት አብላጫ እጅ ይውጣ፤ የሕግ ባለሙያዎችና ተቃዋሚዎች ይቀመጡበት። ፋኖን ጨምሮ መሣሪያ ያነሡ ወገኖችም ቢሆኑ በሚቆጣጠሩት ቦታ የሰው ስልክ እየፈተሹ «ባንዳ» እያሉ መቅጣታቸውን ካላቆሙ፣ ስለ ሕዝብ ነፃነት የሚናገሩት ሁሉ ዋጋ የለውም።

ጊዜው አሁን የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ ፋይዳ የዐሥር ጣትን አሻራ፣ የሁለት ዓይንን ብሌንና የፊት ምስልን ይመዘግባል፤ ባንኮችም እየጠየቁት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ተከትሎ መጥቷል። መታወቂያው ራሱ ጥሩ ነገር ነው፤ ለብድርና ለእርዳታ፣ ለጡረታና ለትምህርት ይጠቅማል። ነገር ግን የቡሬ ነጋዴና የወምበርማ ገበሬ የሰጡት አሻራ ኬላ ላይ ስማቸውን ለመፈለጊያ እንደማይውል የሚያረጋግጥላቸው የጥበቃ አዋጁ ነው፤ በዚያ አዋጅ ውስጥ ደግሞ ብሔራዊ ደኅንነት የሚለው ቃል ሰፊ በር ይከፍታል። በሩን ማን እንደሚከፍትና ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ዛሬ ካልተወሰነ ነገ የሚወሰነው በተለመደው መንገድ ነው።

ይህን ለሚያነቡ ሹማምንት የቅርብ ታሪክ አንድ ነገር ያስታውሳቸዋል። የኢሕአዴግን የክትትል ማሽን ለዓመታት የመሩት አቶ ጌታቸው አሰፋ ከ2010 ለውጥ በኋላ የእስር ማዘዣ ወጥቶባቸው፣ በሌሉበት ተከሰው፣ ራሳቸው ተፈላጊ ሆነው ነበር። መሣሪያው ከገዢው በላይ ዕድሜ አለው፤ ሲወረስም ባለቤቱን አይለይም። ዛሬ ለሌላው የተነፈገ የፍርድ ቤት ማዘዣ ነገ ለነፋጊውም አይገኝም። ዳኛና ሕግ ከክትትሉ ጎን እንዲቆሙ መፈለግ የተቃዋሚ ጥያቄ ብቻ መስሎ የሚታየው ወንበር ላይ ላለ ሰው ነው። ከወንበሩ ሲወርድ የሁሉም ጥያቄ ይሆናል።